እጅሽን ቁርጥማት አይንካው

ፍራንክፈርት፣ ሐምሌ 2017

ሚጣዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? እማማስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነ? ለመጨረሻ ጊዜ ስንደዋወል ትንሹ ልጅሽ ገና ዳዴ ይል ነበር። አሁን ሦስተኛ ክፍል ሳይደርስ አይቀርም።

ስምንት ዓመት ሊሞላን ነው። ሰበብ አልደረድርም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ባዶ እጄን መደወል አፍሬ ነው። አንቺ ጋ ሰባት ወር ስኖር አልጋሽን ለቀሽልኝ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተሽ ትተኚ ነበር። እኔም በሆዴ "ውጭ ልውጣ እንጂ እክሳታለሁ" እል ነበር። ወጣሁ። ኑሮው እንዳሰብኩት አልሆነም። ዓመታቱ የሆቴል ክፍል ሳጸዳ አለፉ። የምልከው ሲያጥረኝ ዛሬ ነገ እያልኩ ስልክ ማንሳቱን ተውኩ። ቆይቶ ዝምታው ራሱ ሌላ ዕዳ ሆነብኝ።

አሁን ምን አስጻፈሽ ትዪኛለሽ። ኢራን ናት ያስጻፈችኝ።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ጥቅምት 2011 ላይ ቦርሳዬን በጀርባዬ አዝዬ ብቻዬን ኢራን ሄጄ ነበር። 24 ቀን ቆየሁ። በፈረንጅ 2018 መሆኑ ነው፤ በእነሱ ደግሞ 1397። እነሱም እንደኛ የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር አላቸው። ዓመታቸው የሚለወጠው በመጋቢት ነው፤ ኖውሩዝ ይሉታል።

ለምን ኢራን? አብራኝ ክፍል የምታጸዳ አንዲት ኢራናዊት ነበረች። የያዝድ ከተማ ልጅ ናት። አገሯ መመለስ አትችልም። አንሶላ እያነጠፍን ስለ እናቷ ቤት ታወራልኝ ነበር። አንድ ቀን "እኔ ባልችል አንቺ ሂጂልኝ፣ እናቴን እቀፊልኝ" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዓይኗን ሳይ ግን የምሯን ነው።

ያለ አስጎብኚ፣ ያለ ሆቴል ነው የሄድኩት። ቴህራን ላይ የአክስቷ ልጅ ተቀበለችኝ። እሷ ኢስፋሃን ላለች የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ደወለች። ከኢስፋሃን ወደ ያዝድ፣ ከያዝድ ወደ ሺራዝ፣ እንዲያ እጅ በእጅ እያቀባበሉ አዞሩኝ። አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ "አብደሻል?" ብለውኝ ነበር። እኔም ስሄድ ፈርቻለሁ። ግን ከተማ በደረስኩ ቁጥር መናኸሪያው በር ላይ ስሜን የሚጠራ ሰው ቆሞ አገኝ ነበር።

የውጭ ባንክ ካርድ እዚያ አይሠራም። ባንኮቻቸው በማዕቀብ ከሌላው ዓለም ስለተቆረጡ የምትይዢው ጥሬ ገንዘብ ነው። ዩሮዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ወገቤ ላይ አስሬ ገባሁ። ዋጋ የሚጻፈው በሪያል ሆኖ ሰው የሚያወራው በቶማን ነው፤ አንድ ቶማን 10 ሪያል። ይህን እስክለምድ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ፀጉር መሸፈን ግዴታ ስለሆነ ነጠላዬን ይዤ ሄድኩ። ሴቶቹ ጥለቱን እየዳሰሱ "የት ነው የሚሠራው?" ይሉኝ ነበር። ግዴታነቱ የሚያንገበግባቸው ብዙ ሴቶች አሉ። ቤት ገብተው በሩ እንደተዘጋ ሻሹን ሲያወልቁ የሚተነፍሱትን እስትንፋስ ሰምቻለሁ።

ኢስፋሃን ውብ ናት፤ ናቅሼ ጃሃን የሚሉት አደባባይ 560 ሜትር ይረዝማል። እኔን የያዘኝ ግን ወንዙ ነው። ዛያንዴ ሩድ ይባላል። 33 ቅስት ያለው ድልድይ ስር ብሄድ ጠብታ ውሃ የለም። የተሰነጣጠቀ አፈር ብቻ። ማታ ግን ኻጁ የሚባለው ሌላው ድልድይ ስር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ያዜማሉ። አስተናጋጄ "ወንዙ ሲመጣ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ነው የሚቀበለው" አለችኝ።

አሁን ወደ ያዝድ ልውሰድሽ።

ያዝድ በረሃ ዳር ያለች የጭቃ ከተማ ናት። ጣሪያው ላይ ባድጊር የሚባል ማማ ታያለሽ፤ ነፋሱን ይዞ ወደ ቤት የሚያወርድ ነው። ውሃ ደግሞ በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ቦይ ከሩቅ ተራራ ይመጣ ነበር። በሩን የከፈተችልኝ እናቲቱ ናት። አንድ ቃል አልተናገረችም። ልጇ እንዳዘዘችኝ አቀፍኳት። እሷም የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ረጅም ጊዜ አሸተተችው። የልጇን ጠረን የምትፈልግ መሰለኝ።

ማማን ጁን እያልኩ እጠራት ጀመር። ጁን እንደኛ "ዬ" ነው፤ እማዬ፣ ሚጣዬ እንደምንለው።

ወለሉ ላይ ሶፍሬ የሚሉት የማዕድ ጨርቅ ተዘርግቶ በዙሪያው ተቀምጠን እንበላለን። ሩዙ ሲወጣ ድስቱ ሥር የቀረችውን ቡናማ ቅርፊት ታህዲግ ይሏታል። ሁሉም የሚሻማባት ናት። ለእንግዳ ግን ትልቁ ቁራሽ ይነሳል። እኔም የሐበሻ ልጅ ነኝና "አይ፣ በቃኝ" አልኩ። እሷ ጨመረች። እንደገና እምቢ አልኩ። እንደገና ጨመረች። ወንዱ ልጇ ሳቀ። "አንቺም ታሮፍ ታውቂያለሽ?" አለኝ። ታሮፍ የሚሉት ወግ አላቸው። እንግዳ ያልፈለገ ይመስላል፣ አስተናጋጅ ይለምናል፣ ሦስተኛው ላይ እሺ ይባላል። ባለታክሲው እንኳ ሂሳብ ስትጠይቂው መጀመሪያ "ጋቤል ናዳሬ" ይልሻል፤ ለአንቺ አይመጥንም እንደማለት ነው። እውነት ነው ብለሽ እንዳትወርጂ፤ ደግመሽ ትጠይቂና ትከፍያለሽ። እኛ "ኧረ በሞቴ" እየተባባልን ካደግንበት ቤት ብዙም አይርቅም።

በልተን ስንጨርስ ለማማን "ዳስቴት ዳርድ ናኮኔ" አሏት። ምን ማለት ነው ብዬ ልጁን ጠየቅኩት። "እጅሽን አይመመው" አለኝ። ሚጣዬ፣ ያን ጊዜ ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ቆመ። እማማ ወጥ ሲያወጡ "እጅዎን ቁርጥማት አይንካው" የምንላቸው ትዝ አለኝ። ሌላ አገር፣ ሌላ ቋንቋ፣ ሌላ ሃይማኖት፤ ምርቃቱ ግን ያው የእጅ ሕመም ላይ ሄዶ ያርፋል።

በማግስቱ ቡና አፈላሁላቸው። ጥሬ ቡና ይዤ ነበር። መጥበሻ ላይ ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ ጀበና ስለሌለ በሻይ ማንቆርቆሪያ። የሚገርመው፣ ሻይ ቤቶቻቸውን ቡና ቤት ነው የሚሏቸው፤ ስትገቢ የሚቀርብልሽ ግን ሻይ ነው። ስኳሩን ጥርሳቸው መሀል ይዘው ሻዩን በላዩ ይጠጣሉ። የቡናው ጢስ ቤቱን ሲሞላው ማማን ተነስታ ከሰል አመጣች። እስፋንድ የሚባል ዘር በተነችበት። እየተንጣጣ ሲጨስ ራሴ ላይ አዞረችው። ለክፉ ዓይን ነው አለችኝ። ለቡዳ ማለቷ ነው። የኛን ቡና እና የእነሱን ጢስ አንድ ላይ እያሸተትኩ ተቀመጥኩ።

ያን ሰሞን አሜሪካ ከኑክሌር ስምምነቱ ወጥታ ማዕቀቡን መልሳ እየጣለች ነበር። ገንዘባቸው በየሳምንቱ ይወድቃል። እኔ ግን በየቀኑ ሥጋ ይቀርብልኛል። በአራተኛው ቀን ከልጁ ጋር ሥጋ ቤት ሄድኩ። ባለሥጋው መዝኖ ሰጠው። ከዚያ አንድ የተቀዳደደ ደብተር አወጣና ጻፈ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ምን እንደተጻፈ አልጠየቅኩም። ዱቤ በየትም አገር ዱቤ ነው፤ ደብተሩን አውቀዋለሁ።

ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ። አንድ ምሽት አንቺ ጥግ ያለው ሱቅ "ዘይቱንም ጻፈው፣ ደመወዝ ስቀበል እዘጋዋለሁ" ስትዪ እኔ ውጭ ቆሜ ነበር። ሰማሁ። ከዚያ ቀድሜሽ ቤት ገባሁ። ራት ስታቀርቢ በላሁ። አልሰማሁም እንዳልል ሰምቻለሁ፣ እንዳላመሰግንሽ እንዳላሳፍርሽ ፈራሁ። ያዝድ ሥጋ ቤት ውስጥ ቆሜ ያን ራት ነው የቀመስኩት። ገንዘብ ልሰጣቸው ብሞክር አይቀበሉም። በመጨረሻ ትራስ ሥር ትቼው ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳዬን ስከፍት፣ ያው ገንዘብ ሮማን በሞላበት ፌስታል ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘሁት።

ሁሉም ጥሩ ነበር ብዬ አልዋሽሽም። ስድስተኛው ቀን ላይ ከአንድ መሥሪያ ቤት ለልጁ ተደወለ። "ቤታችሁ ያለችው የውጭ ሴት ማን ናት?" ተባለ። ፊቱ ሲቀየር አየሁ። ለእኔ ጉዞ ነው፤ ነገ እሄዳለሁ። እነሱ ግን እዚያው ናቸው። እንግዳ መቀበል ለባለቤቱ ምን ሊያስከፍል እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር። በዚያው ምሽት ወደ አንድ ማደሪያ ወጣሁ። ማማን ተከራከረችኝ፣ አለቀሰች። በማግስቱ ጠዋት ድስት በጨርቅ አስራ ማደሪያው በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

ሺራዝ ላይ ያሳረፉኝ ቤተሰቦች አያት አሏቸው። "ከየት ነሽ?" አሉኝ። "ኢትዮጵያ" አልኩ። አልገባቸውም። ልጃቸው "ሀበሼ" ሲላቸው ተነስተው ቆሙ። ቢላል ሀበሺ፣ የነቢዩ ሙአዚን! ነጃሺ፣ ስደተኞቹን ያስጠጋ ንጉሥ! እያሉ እጄን ጨበጡ። ያ እንግድነት ከ1400 ዓመት በኋላ ለእኔ ተከፈለ። ጃንሆይንም ያስታውሷቸዋል። በ1964 ጥቅምት ላይ ሻሁ የፋርስን ንግሥና 2500 ዓመት ሲያከብር ጃንሆይ ከተጋበዙት አንዱ ነበሩ። ድግሱ የተደገሰው ፐርሰፖሊስ የሚባለው የጥንት ቤተ መንግሥታቸው ፍርስራሽ አጠገብ ነው። የድንኳኖቹ ብረት እኔ ስሄድም ቆሞ ነበር።

ፐርሰፖሊስን ዳርዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ518 ገደማ አስጀመረው፤ እስክንድር በ330 አቃጠለው። አፓዳና የሚባለው አዳራሽ ምሥራቃዊ ደረጃ ላይ ግብር ይዘው የመጡ 23 ሕዝቦች ተቀርጸዋል። የመጨረሻዎቹ፣ ጥጉ ላይ፣ ኩሾች ናቸው። ፀጉራቸው ጥቅልል ነው። አንዱ የዝሆን ጥርስ ተሸክሟል። አንድ እንስሳ ይዟል፤ ቀጭኔ ነው የሚሉም ኦካፒ ነው የሚሉም አሉ። ያኔ ኩሽ የሚባለው ከግብፅ በስተደቡብ ያለው አገር ስለሆነ የኛ ቅድመ አያቶች ናቸው ብዬ አልፎክርም። ግን ፊታቸውን ሳየው የማውቀው ፊት ነው። ከፊታቸው ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት ቆየሁ። ፎቶውን አብሬ ልኬልሻለሁ።

እማማ አስቴርን ሲያነቡ "ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ በ127 አገሮች ላይ የነገሠው" የሚለውን ጮክ አድርገው የሚያነቡት ትዝ ይልሻል? የአስቴርና የመርዶክዮስ መቃብር ነው የሚባለው ሐማዳን ውስጥ አለ። በሩ ወፍራም ድንጋይ ነው፤ ዝቅ ብለሽ ነው የምትገቢው። ለእማማ ሻማ አብርቼላቸዋለሁ። ይህንን ሳልነግራቸው ሰባት ዓመት መቆየቴ ያሳዝነኛል።

ከዚያ ተመልሼ እጽፍልሻለሁ ብዬ ነበር። ሳልጽፍ ቀረሁ። ዘንድሮ ሰኔ 6 የእስራኤልና የኢራን ጦርነት ሲጀመር ለያዝዱ ልጅ ቴሌግራም ላይ "ደህና ናችሁ?" ብዬ ጻፍኩ። አንድ ራይት። ኢንተርኔቱ ተቆረጠ። በማግስቱም አንድ ራይት። ሌሊት እየተነሳሁ ስልኬን አያለሁ። ያቺን አንዲት ራይት ሳይ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ስንት ጊዜ ስሜን ጽፈሽ፣ ስንት ጊዜ ደውለሽ እንዲሁ ጠብቀሽ ይሆን? የምወደው ሰው ዝም ሲል ሆድ ምን እንደሚሆን ከወዲያኛው በኩል ሆኜ አየሁት።

ተኩሱ ከቆመ በኋላ መልስ መጣ። "ደህና ነን። ማማን አንቺ እንዴት ነሽ ትላለች፤ እዚያ ብርድ ነው ወይ ትላለች።"

ከያዝድ የወጣሁ ዕለት ማማን ቁርኣን ከራሴ በላይ ይዛ በሥሩ አሳለፈችኝ። ከዚያ በሳህን የያዘችውን ውሃ ከኋላዬ መንገዱ ላይ ደፋችው። ተጓዥ በሰላም እንዲመለስ ነው። ያኔ አንቺ ቦሌ ያደረግሽውን አስታወስኩ። በር ላይ ቆመሽ፣ ታክሲው እስኪታጠፍ ድረስ ነጠላሽን እያወዛወዝሽ ነበር። ዞሬ አይቼሻለሁ። አይቼሽ እንደነበር ነግሬሽ አላውቅም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ በአንቺ 10 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ቁጥርሽ ካልተቀየረ በድሮው ነው። ብትቆጪኝ እሰማለሁ። ባታነሺው ደግሞ በሚቀጥለው እሁድ፣ በዚያው ሰዓት እደውላለሁ።

ያንቺው