አሳዩኝ በይ፣ ልጄ

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሸጋዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ብርድ ሲሆን ጉልበቴን ይይዘኛል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ የለም። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። በስልክ ከሆነ ግን "እሺ እማ፣ እሺ እማ" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የአክስትሽ ልጅ ነገ ሲመለስ ያመጣልሻል። ከበሶው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ነው።

የነገረኝም እሱ ነው። ሊያሳጣሽ ብሎ አይደለም፣ እንዳትቆጪው። እዚያ ሐረርጌ፣ ሳይታችሁ ላይ ሲኖትራኩን አራግፎ ቆሞ ሳለ አይቶ ነው። አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ "መቆፈሪያ አምጣ" ብለሽ ልከሻቸው፣ ጫፉ ላይ ብረት ያለው ረጅም እንጨት ይዘው መጡ። አንቺም በሰው ፊት "ይሄ ምንድን ነው? መቆፈሪያ እንኳ አታውቅም?" አልሽ። ወጣቶቹ ሳቁ። ሽማግሌው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ እንጨታቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ተመለሱ።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ልጄ፣ እሳቸው ያመጡልሽ ዶንጎራ ነው። የሐረርጌ ገበሬ መሬቱን የሚቆፍርበት፣ ልጅ ሆኖ የጨበጠው፣ አባቱም የጨበጠው። መቆፈሪያ አልሽ፣ መቆፈሪያ አመጡ። እኛ ቤት መቆፈሪያ ሲባል ዲጅኖው ስለሆነ አንቺ ዲጅኖ ጠብቀሻል። የኛን ቤት ልማድ እሳቸው በምን ይወቁት? ዲጅኖ ከፈለግሽ ዲጅኖ በይ። ዲጅኖ ብለሽም ካልተግባባችሁ "ይቅርታ አባቴ፣ ያለውን አሳዩኝ" በይ። አብረሽ ሄደሽ በጣትሽ ጠቁሚ። ይኸው ነው።

አሳዩኝ በይ። መሐንዲስ ነሽና ከዚህ የበለጠ የምመክርሽ የለኝም።

"አንተ" ማለትሽስ? እዚያ አገር ትልቅ ትንሽ ሳይባል አንተ መባባል ነውር እንዳልሆነ ነግረሽኛል። አውቃለሁ። ድሬ የኖሩ ሰዎችም እንደዚያ ናቸው፣ በፍቅር ነው የሚሉት። በፍቅር የሚባል አንተና በቁጣ የሚባል አንተ ግን ለየቅል ነው። ደግሞ አንቺ የወሎ ልጅ ነሽ። ለሽማግሌ እርስዎ ብለሽ ነው ያሳደግንሽ። እነሱ አንቺ ይበሉሽ፣ አንቺ እርስዎ በያቸው። የሚቀንስብሽ ነገር የለም።

ውሃ ትጠጫለሽ ወይ? ቆላው ሙቀት ነው ሲሉ እሰማለሁ። ወደ ሚኤሶ በኩል ስትወርዱ አጎበርሽን አትርሺ። ወባ ቀልድ አይደለም።

የገረመኝ ደግሞ አንቺ ይህን ማጣትሽ ነው። እዚህ ሱቅ ውስጥ ሚስማር እየለቀምሽ ነው ያደግሽው። ከከሚሴ የመጣው ሰውዬ "ቆቶ አለሽ?" ሲለኝ መጥረቢያ አውርደሽ ትሰጪኝ ነበር፣ ገና ቁመትሽ ባንኮኒው ላይ ሳይደርስ። ሐምቱ ካለ ማጭድ ነው። ቡሩሳ ካለ መዶሻ ነው። ከትግራይ በኩል የሚመጣው ባዴላ ብሎ አካፋ ይገዛል፣ ማዕጺድ ብሎ ማጭድ ይገዛል። መጥረቢያውንስ ስንት ስም ይጠሩታል? ፋስ የሚል አለ፣ ምሳር የሚል አለ። አንዱ ትልቁን ብቻ ምሳር ይልና ትንሹን መጥረቢያ ይላል። ሌላው ሁሉንም ምሳር ይላል። ከሳዑዲ የተመለሱት ልጆች ደግሞ መዶሻውን ሻኩሽ፣ ካቻቪቴውን ሙፈክ ይላሉ። ስንት ዓመት በዚያ ስም ሠርተው መጡ፣ ምን ይበሉ? አናጢውና ብረት ሠሪው ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ሴጌቶ ይላሉ። የዛሬ ወጣቶች ግራይንደር፣ ድሪል ይላሉ። ሁሉም ገንዘቡን ከፍሎ የሚፈልገውን ይዞ ይሄዳል። ተሳስተሃል ያልኩት ሰው የለም።

አንድ ቀን አንድ ገበሬ "ማረሻ ስጭኝ" አለኝና ብረቷን አንስቼ ሰጠሁት። አንቺ ከወንበርሽ ተነስተሽ "እማ፣ ሞፈሩስ? እርፉስ? ቀንበሩስ?" ብለሽ ጮህሽ። ሙሉውን የሚገዛ መስሎሽ። ሰውዬው አልሳቀብሽም። ቁጢጥ ብሎ መሬቱ ላይ በጣቱ ሣለልሽ። ሞፈሩ እዚህ፣ ድግሩ ግራና ቀኝ፣ ወገሉ እዚህ ጋ፣ "የኔ ልጅ፣ እንጨቱን እኔው እጠርባለሁ፣ ከናትሽ የምፈልገው ይህችን ጫፏን ብቻ ነው" አለሽ። አንቺም ለሳምንት ሙሉ ደብተርሽ ላይ ስትሥዪው ከረምሽ። ትዝ ይልሻል? እንደዚያ ነው የተማርሽው። ያ ሰው ስቆብሽ ቢሆን ኖሮ እንኳን ሞፈር ቀንበር ልታውቂ፣ ሱቁንም ትጠይው ነበር።

ባቲ ሰኞ ገበያ መሬት ላይ ዘርግቼ ስሸጥ ገና አላገባሁም ነበር። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ እዚያ ነው የሚገናኘው። አፋሩ ሞረድ ሊገዛ ይመጣል። ስሙን በአማርኛ ካላወቀው ጊሌ የሚሉትን ጩቤውን ከሰገባው ትንሽ መዘዝ ያደርግና የደነዘዘችውን ቦታ በአውራ ጣቱ ያሳየኛል። እኔ ሞረዱን አነሳለሁ። አገላብጦ ያየዋል፣ የሞረዱን ጥርስ በጥፍሩ ፈቅ ፈቅ ያደርገዋል፣ ካልወደደው ይመልሳል። አንድ ቃል ሳንነጋገር ገዝቶ ይሄዳል። ማጭድ የሚገዛ ገበሬም እንደዚያው ነው። ጠርዟን በጥፍሩ መታ አድርጎ ጆሮውን ጠጋ ያደርጋል። ድምፁ ካላማረው ስሟን ብትጠሪለት ባትጠሪለት ጉዳዩ አይደለም። ሰው እቃውን የሚያውቀው በእጁ ነው፣ ልጄ። ሽማግሌውም ዶንጎራውን የሚያውቁት በእጃቸው ነው።

አሁን ለልጅ አይነገርም ብዬ የተውኩትን ልንገርሽ። ሰው የምታዢ ሆነሻልና ስሚው።

አያትሽ አባባ ሰው ሲያነጋግራቸው ሁልጊዜ ቀኝ ጎናቸውን ያዞሩ ነበር። እርጅና ይመስልሽ ነበር። እርጅና አይደለም። ጣሊያን ከአሰብ ወደ ደሴ የሚመጣውን መንገድ ሲሠራ አባባ ልጅ እግር ነበሩ። ባቲ አጠገብ እቃና ውሃ እያቀበሉ ይውላሉ። ቋንቋውን አያውቁትም። ቀን የሰሙትን ቃል ማታ ከጓደኞቻቸው ጋር እየደጋገሙ ያጠኑታል። አንድ ቀን አለቃው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ "ባዲሌ! ባዲሌ!" እያለ ጮኸ። አካፋ ማለቱ ነው። አባባ ባልዲ መሰላቸው። ሮጠው ሄዱና ባልዲውን ንጹህ ውሃ ሞሉ። እንዳይደፋባቸው አቅፈው፣ ደረታቸው እየራሰ አመጡለት።

ሰውዬው ከጉድጓዱ ወጣ። ባልዲውን በእግሩ ደፋው። ከዚያ ግራ ጆሯቸው ላይ በጥፊ መታቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጆሮ በደንብ አልሰማም።

ልጄ፣ አባባ ይህን ሲያወሩ ስለ ጥፊው ብዙም አይሉም ነበር። የሚያወሩት ስለ ሳቁ ነው። ቆመው ያዩት ያገራቸው ልጆች ሳቁ። አብረው ባዲሌን ባልዲ እያሉ ያጠኑት ጓደኞቻቸው ሳቁ። ከሳቁ ነገ ለነሱ ጥፊ የሚቀርላቸው መስሏቸው ይሆናል። "የጠማው መስሎኝ እኮ ነው፣ ውሃው እኮ ንጹህ ነበር" ይሉ ነበር። ሽማግሌ ሆነው እንኳ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይቀየራል።

ኋላ አናጢ ሆኑ፣ ታውቂዋለሽ። ለማጅ ሲመጣላቸው መጀመሪያ መላጊያውን፣ መሮውን፣ ጉጠቱን አንድ በአንድ ያነሱና "ይህችን እናንተ አገር ምን ትሏታላችሁ?" ብለው ይጠይቃሉ። ልጁ ይናገራል። የሱን ስም እንዳለ ይቀበሉና "እኛ ደግሞ እንዲህ እንላታለን" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ለዚያ ልጅ በራሱ ስም ነው የሚጠሩለት። ከመንዝ ለመጣው በመንዝኛው፣ ከራያ ለመጣው በራይኛው። አባባ ቤት እቃ ተሳስቶ ያመጣ ልጅ አይቆጡትም። "አሳየኝ፣ ምን መስሎህ ነው?" ይሉታል። እኔም "አሳዩኝ" ማለትን ከሳቸው ነው የያዝኩት።

እና አንቺ የሳቸው የልጅ ልጅ ሆነሽ፣ አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ በሰው ፊት እንዲሳቅባቸው ታደርጊያለሽ? እጅሽን አላነሳሽም፣ አውቃለሁ። አባባን ግን የጎዳቸው ሳቁ ነበር አልኩሽ። አልቀበልሽም ልጄ። ብቻሽን እዚያ በረሃ ወርደሽ እንደምትለፊ አውቃለሁ፣ ሴት መሐንዲስ ነች ብለው እንዳይንቁሽ ድምፅሽን ከፍ እንደምታደርጊም አውቃለሁ። ሆዴ ይባባልሻል። ይህን ግን አልቀበልሽም።

ሳይታችሁ ላይ እቃ የሚያወጣ የሚያስገባ ሰው አለ አይደል? ከሱ ጋር ተነጋገሪ። እኔ ሱቅ እንዳደረግኩት ከየእቃው አንዳንድ ግድግዳው ላይ አንጠልጥሉ። ከሥሩ ካርቶን ለጥፉና ሠራተኛው የሚጠራበትን ስም ሁሉ ጻፉ። በአማርኛም በኦሮምኛም። ማንበብ የማይችል በጣቱ ይጠቁማል። ሰዎች አካፋን አካፋ በሉ ይላሉ። እንዲያ ከማለት በፊት ሁሉም ሰው አካፋ የሚለው አንድ ዓይነት መሆኑን ማየት ነው። ለጥድፊያ ሰዓትም ይጠቅማችኋል። ድንጋይ ሊንሸራተት ሲል "የምን መቆፈሪያ?" እየተባባሉ የሚቆሙበት ጊዜ የለም።

የመዶሻና የዶማ ዛቢያዎችን ጠዋት ጠዋት እያዩ እንዲያወጡ ንገሪው። ጭንቅላቱ የተነቃነቀውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሳበጥ ይወዳሉ። ለዛሬ ይይዛል፣ ሲደርቅ ግን ይወልቃል፣ የወለቀ መዶሻ ደግሞ ማንን እንደሚመታ አይታወቅም። ሽብልቅ ይምቱበት። መዶሻ የሚያነሳ ሰው ፊት ለፊትም ከኋላውም እንዳትቆሚ፣ ከጎን ቁሚ።

ሰዎቹን ስለማናገርሽም ልድገመው፣ ትሰለቺያለሽ እንጂ ከመቆጣትሽ በፊት አሳዩኝ በይ። ምላስሽ ላይ ቁጣው ሲመጣ ዋጥ አድርጊውና አሳዩኝ በይ።

ለሽማግሌው ሁለት ኪሎ ስኳርና ሻይ ቅጠል ልኬያለሁ። ሰማያዊው ፌስታል ውስጥ ነው፣ ከበሶው ጋር አታቀላቅዪው። ራስሽ ይዘሽ ሂጂ፣ በሰው አትላኪ። ስትደርሺ "አፉ በሉኝ አባቴ" በያቸው። የሳቁት ወጣቶች ባሉበት በያቸው እንጂ ለብቻቸው ጠርተሽ አይደለም። በሰው ፊት ነው የተሳቀባቸውና። ከዚያ ዶንጎራውን እንዴት እንደሚይዙት እንዲያሳዩሽ ለምኚያቸው፣ አንቺም ያዢውና ቆፍሪ። እጅሽ ይላጥ ይሆናል፣ ቅባት አድርጌልሻለሁ።

ለአክስትሽ ልጅ ነዳጅ ብዬ የሰጠሁትን ብር እንዳትመልሺልኝ፣ በቴሌብር ልትልኪ እንደምትሞክሪ አውቅሻለሁ። የሥራ ጫማሽ አልቋል ብሎኛል። ብረት አፍ ያለው መጥቶልኛል፣ ግን ከካልሲ ጋር ስለሚጠብ ከፍ ያለውን ነው የምልክልሽ። ቁጥርሽ 38 ነው 39? ሐሙስ ማታ ደውይና ንገሪኝ፣ አርብ መኪና አለ። ሽማግሌው ምን እንዳሉሽም ያኔ ትነግሪኛለሽ።

አሏህ ይጠብቅሽ።

እናትሽ