ድምፄን ለመለሳችሁልኝ ሁሉ

ከሠላሳ ዓመት በላይ በመድረክ፣ በሬዲዮ ድራማ፣ በቴሌቪዥንና በፊልም ንጉሥም ሎሌም፣ ደብተራም ወንበዴም ሆኜ ቀርቤላችኋለሁ፤ ባለፈው ዓመት ግን ጉሮሮዬ ላይ በወጣው እብጠት የተነሳ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ለሰባት ሳምንታት አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ ስታዘዝ፣ ዲዳ ሆኖ መጫወትን ጨርሶ እንዳልተለማመድኩት ገባኝ። ዛሬ ሐኪሞቼ ስለፈቀዱልኝ የመጀመሪያ ረጅም ንግግሬን ለምስጋና ላውለው ወድጃለሁ።

በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ከሺህ በላይ ተመልካች ይይዛልና፣ እዚያ የሚጫወት ሰው ሹክሹክታው እንኳ ፎቅ ለተቀመጠው ካልደረሰ ተጫወተ አይባልም። ያንኑ ድምፅ ይዞ ካሜራ ፊት የቆመ ደግሞ የተጣላ ይመስላል፤ የመጀመሪያ ፊልሜን ስሠራ ዳይሬክተሩ «ጋሼ፣ እዚህ ፎቅ የለም» ብሎ የቀረጻ ባለሙያዎቹን ሁሉ አስቆብኛል። በሬዲዮ ፊትም ልብስም የለም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ፣ በድምፁ ብቻ በዛብህንም ፊታውራሪ መሸሻንም ሲሆን ሰምቼ ነው በሙያው የተለከፍኩት። ስለዚህ የሕመሜን ዓይነት ስሰማ ከሞቱ ይልቅ ዝምታው አስፈራኝ።

በ2010 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ላጣነው ለፍቃዱ ተክለማርያም ሕዝቡ እንዴት እንደተረባረበ ባውቅም፣ ለራሴ እጄን መዘርጋት አሳፍሮኝ ነበር። የሙያ ጓደኞቼ ሳያማክሩኝ አካውንት ከፈቱ። ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ደረሳችሁልኝ፤ ኩዌት በቤት ሠራተኝነት የምትኖር አንዲት እህታችንም ከላከችው ገንዘብ ጋር «በዚያ ድራማ ሚስትዎን ስለበደሉ ተቀይሜዎት ነበር፤ ሲታመሙ ግን አባቴ የታመመ ያህል ሆነብኝ» ብላ ጻፈችልኝ። ልጄ ስታነብልኝ፣ ትእዛዙ ስላለ መሳቅም ማልቀስም አልቻልኩም። የሠራሁበትን ሳይከፍለኝ ስልኩን የዘጋብኝ ፕሮዲውሰርም ነበር፤ ለዛሬው ልለፈው።

ለሐኪሞቼና ለነርሶቹ፣ በዚያ ሁሉ ሳምንት በደብተር ላይ የጻፍኩትን የተጨማለቀ ጽሕፈት ስታነብ ለከረመችው ባለቤቴ፣ ለእድርተኞቼም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስታመም እጫወተው የነበረውን የንጉሥ ገጸ ባሕርይ በአራት ቀን አጥንቶ መጋረጃው እንዳይዘጋ ያደረገውን ወጣት ባልደረባዬን ለብቻው ላመስግነው። ከሆስፒታል እንደወጣሁ ፎቅ ላይ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጬ አየሁት፤ በሦስተኛው ገቢር፣ ፍርዱን ከመናገሩ በፊት ቆም ብሎ ሁለት ጊዜ ሳለ። ያቺ ሳል የሕመሜ ምልክት ነበረች፤ እሱ ግን የንጉሡ ጠባይ መስላው እሷንም አጥንቷታል።

ድምፄ እንደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ ሸካራ ሆኗል። ንጉሡን ለእሱ ትቼለት፣ በዚያው ቴአትር ጥቂት መስመር ብቻ ያለውን ሽማግሌ ልጫወት ሰኞ ልምምድ እጀምራለሁ። ሳሏን ግን እንዲተዋት አደራ ብዬዋለሁ።