ደም ቀድቶ መሄድ ይብቃ

ውድ አዘጋጅ፣ ስለ ጤና ምርምር ስትጽፉ በካናዳ ሰሜን ጫፍ የሚኖሩትን ነባር ሕዝቦች፣ ኢኑይቶችንም አንሱልን። ለረጅም ዘመን ተመራማሪው ከደቡብ ካናዳ ይመጣል፣ ደም ይቀዳል፣ መጠይቅ ያስሞላል፣ ከዚያ ውጤቱን ይዞ ይሄዳል። ይሄ ልክ አይደለም! በ2017 (እንደ ፈረንጆቹ) በኑናቪክ፣ ማለትም በኩቤክ ክፍለ ግዛት ሰሜን ባለው የኢኑይቶች ምድር፣ የተካሄደው የጤና ጥናት ግን በበረዶ ሰባሪ መርከብ 14ቱንም መንደሮች ሲያዳርስ፣ የኢኑይት ተቋማት ከዕቅዱ ጀምሮ አብረው ነበሩበት፤ ያን ሁሉ መንደር ከማዳረሱ በላይ እኔን ያስደሰተኝ እሱ ነው። በ2018 ደግሞ ብሔራዊ ድርጅታቸው ባወጣው የምርምር ስትራቴጂ መረጃው የራሳችን ይሁን፣ ገንዘቡም እኛ ቅድሚያ ለምንሰጠው ጉዳይ ይዋል ብሏል። እና ምን ይጠበቃል? ገንዘብ ሰጪዎች መንደሩ ያልመከረበትን ዕቅድ አይደግፉ፣ ለአስተርጓሚውና ለአካባቢው ረዳት ተመራማሪም ደህና ክፍያ ይመድቡ።