ስልኩን ለምን እንደዘጋሁብሽ

ቶኪዮ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለህሊናዬ፣

እንደምን አለሽ የኔ ልጅ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከእንቅልፍ ማጣት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ትናንት ደውለሽ "አባዬ፣ ቶኪዮ እንዴት ነው?" ስትዪኝ "ደህና ነው፣ ቻው" ብዬ ጆሮሽ ላይ ጠረቀምኩብሽ። ተቀይመሽኝ ይሆናል። ባቡር ውስጥ ሆኜ ነው።

እዚህ ባቡር ውስጥ ስልክ አይወራም። የስልካችሁን ድምፅ አጥፉ፣ አታውሩበት እያለ ማጉያው ራሱ ይናገራል። እኔ ግን ማጉያው የሚለውን ሁሉ የጣቢያ ስም እየመሰለኝ አራት ቀን ሙሉ አሳልፌዋለሁ። ከሺቡያ ነው የተሳፈርኩት፣ ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ላይ። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ቆመናል፤ ያን ያህል ሰው ታጭቆ ግን የሚሰማው የሐዲዱ ድምፅ ብቻ ነው። በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። እኔም እንደ ልማዴ "ሃሎ! ህሊናዬ! ይሰማል?" ብዬ መንደር የሚያሰማ ድምፅ ለቀቅኩት። ማንም አልተቆጣኝም፤ ዞር ብሎ ያየኝም የለም። ሁሉም የየራሱን ጫማ ማየት ጀመረ። አጠገቤ የቆሙ እናት ጃንጥላቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩ፤ በቃ፣ ያችው ናት። ምነው አንዱ "ዝም በል!" ባለኝ ስል ተመኘሁ። ስድብ ቢሆን መልስ አለው፤ ለዚህ ግን ምን ይባላል? ላብ አጠመቀኝ።

መስመሩ ያማኖቴ ይባላል፤ መሃል ከተማውን ክብ ሠርቶ የሚዞር ነው። 30 ጣቢያ አለው፤ እንቅልፍ ቢጥልሽ አንድ ሰዓት ገደማ አዙሮ የተሳፈርሽበት ይመልስሻል። ሺንጁኩ ላይ በሩ ገና ሲከፈት ዘልዬ ወረድኩ። ባቡር መቀየር የነበረብኝም እዚያው ነው፤ ግን ሺንጁኩን ጣቢያ ማለት ይከብዳል። በቀን 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚመላለስበት፣ ከ200 በላይ መውጫ ያለው፣ ከምድር በታች የተቆፈረ ከተማ ነው። አንዱን ዳቦ ቤት ሦስት ጊዜ አለፍኩት። በሦስተኛው ልጅቷ ሰላም ትለኛለች ብዬ ነበር።

ወለሉ ላይ ቢጫ፣ ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል መስመር አየሁ። "ይህስ መቼም መውጫ ያደርሰኛል" ብዬ እሱን ተከትዬ መሄድ ጀመርኩ። ደረጃው አፋፍ ላይ ስደርስ ረዣዥሙ ጉብታ ወደ ድቡልቡል ነጠብጣብ ተለወጠ። ቆሜ ስመራመር ከኋላዬ ነጭ በትር ቋ፣ ቋ ሲል ሰማሁና ዘወር አልኩ። ዓይነ ስውር ጎልማሳ ነው። የቆምኩት መንገዱ ላይ ኖሯል! ረጅሙ "ሂድ" ነው፣ ነጠብጣቡ "ተጠንቀቅ፣ ቁም"። የኛም አዳዲስ የእግረኛ መንገዶች ላይ አለ፤ ስንቴ ረግጬው አልፌያለሁ፣ ጌጥ እየመሰለኝ። ሴኢቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ ነው የፈጠረው፤ መጀመሪያ የተነጠፈውም በ1967 እ.ኤ.አ. ኦካያማ ከተማ ውስጥ ነው። ሰውዬው ነጠብጣቧን በበትሩ ነካ አድርጎ ደረጃውን ከኔ በፊት ወረደ።

በመጨረሻ በደቡብ መውጫ በኩል አየር አገኘሁ። እዚህ በየሰፈሩ ኮባን የሚሏት ትንሽ የፖሊስ ቤት አለች፤ ዋና ሥራዋ መንገድ ለጠፋበት ማሳየት ይመስለኛል፤ አብዛኛው መንገድ ስም የለውም፣ አድራሻው በቁጥር ነውና። የማርፍበት ሃታጋያ የሚባል ሰፈር ነው። ወጣቱ ፖሊስ ካርታ ዘርግቶ በእርሳስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሳበልኝ። ኮሹ ካይዶ።

ስሙን ስሰማ ልቤ ዘለለ። አያትሽ ሬዲዮ ከፍተው የሚያወሩልን ጎዳና እኮ ነው! ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በነሱ 1964፣ አበበ ቢቂላ ከስታዲየም ወጥቶ እስከ ቾፉ ደርሶ የተመለሰው በዚሁ ነው። ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ፣ ሁለተኛው እስኪመጣ ሣሩ ላይ ጅምናስቲክ ሠራ። (በባዶ እግሩ የሮጠው ሮም ላይ ነው፤ እዚህስ ጫማ ነበረው። ጓደኞችሽ ሲሳሳቱ አርሚያቸው።) ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ወደ ጎዳናው እያመለከትኩ "አበበ ቢቂላ!" አልኩት። ልጁ እጅ ነሣኝና ሆቴል መስሎት ካርታው ላይ ይፈልግልኝ ጀመር።

ከፋኝ፣ አልዋሽሽም። ዛሬ ጠዋት ይህንኑ እዚህ የመጣሁበትን ሥልጠና ለሚሰጡን አሠልጣኝ ሳወራ፣ ሸምገል ያሉ ናቸው፣ "ሦስተኛ የወጣውን ታውቀዋለህ?" አሉኝ። አላውቅም። ኮኪቺ ጹቡራያ ይባላል፤ ስታዲየም የገባው ከአበበ ቀጥሎ ነው፣ ግን አገሩ ሰው ፊት፣ ገመዱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እንግሊዛዊው ቀደመው። በ1968 እ.ኤ.አ. ጥር ላይ ራሱን አጠፋ። የኔን አበበ አንድ ፖሊስ አላወቀልኝም ብዬ ሳኮርፍ፣ የነሱን ልጅ ስም እንኳ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ለማንኛውም ባቡሩን ትቼ በእግሬ ሄድኩ። አሁን ጎዳናው ላይ በአምድ የተሸከሙት ሌላ የመኪና መንገድ ተደርቦበታል፤ ሰማይ አይታይም። መሃል ላይ ከመሸጫ ማሽን ቡና ገዛሁ። ቀይ ምልክት ያለው ትኩስ ነው፣ ሰማያዊው ቀዝቃዛ። ትኩስ ቡና በቆርቆሮ! እናትሽ ብታይ ታማትባለች። ብርዱ ላይ ግን እጄን አሞቀልኝ።

ሥልጠናው ላይ የሰጡኝ ወረቀት ደግሞ ዓመቱ 7 ይላል። ሬይዋ የሚሉት የንጉሣቸው ዘመን በ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰባተኛው መሆኑ ነው። "እኛ ዘንድ ደግሞ 2018 ነው" ብዬ ስነግራቸው እንደ ሌላው አገር ሰው አልሳቁብኝም፤ "አሃ" ብለው ማስታወሻ ያዙ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ከቤት ስወጣ ያሰርኩትን ሰዓት እስካሁን አልነካሁትም። ቶኪዮ ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ትቀድማለች፤ የኛም አቆጣጠር ከፈረንጁ የሚለየው በ6 ነው፤ ሁለቱ ተጣፉ። እነሱ 1 ሰዓት ብለው ምሳ ሲበሉ፣ አንቺም 1 ሰዓት ብለሽ ቦርሳሽን አንጠልጥለሽ ትወጫለሽ። አሁን 3 ከሩብ ነው፤ እኔ ጋ ከተማው ሁሉ ተኝቷል፣ አንቺ እራት በልተሽ መጽሐፍ ላይ ነሽ።

ስለዚህ ነገ ከትምህርት ቤት ስትገቢ በ10 ሰዓት ደውዪልኝ። እኔም በ10 ሰዓት ክፍሌ ነኝ። ብቻ ግድግዳው ስስ ነው፤ ቀስ ብዬ ካወራሁ አሞኝ እንዳይመስልሽ።

አባትሽ