ስለ ቢጫዋ የዮሐንስ አበባ

ይድረስ ለወዳጄ ለሰናይት፣

እንደምን ከረምሽ? ዝምታዬ እጅግ ረዘመ፤ ይቅር በዪኝ። ያኔ ስለ ቢጫው አበባና ከእሱ ስለሚሠራው የሚቀባ ዘይት ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ የቀረው ነገር አሁን ይኸው።

እዚያ ጀርመን አገር በባቡር ሐዲድ ዳርና በጫካ ጥግ የምታዪው ቢጫ አበባ ዮሐኒስክራውት ይባላል፤ የዮሐንስ ዕፅ ማለት ነው። ስሙን ያገኘው እነሱ የመጥምቁን ልደት በሚያከብሩበት ጁን 24፣ በእኛ ሰኔ 17 አካባቢ ስለሚፈካ ነው። የደጋችን አሜጃ ዘመዱ ነው።

ሳታውቂው አትቅጠፊ። ቅጠሉን ወደ ብርሃን ብታነሺው በመርፌ የተበሳሳ ይመስላል፤ ቀዳዳ የሚመስሉት ግን ዘይት የቋጠሩ ነጠብጣቦች ናቸው። እምቡጡን በጣትሽ ብትጨፈልቂው እንደ ደም ያቀላሻል። በዚያው መስክ ያኮብስክሮይትስክራውት የሚባል ጉበት የሚጎዳ ሌላ ቢጫ አበባ ይበቅላል፤ የእሱ ቅጠል ዳር ዳሩ የተቆራረጠ ነው፣ እምቡጡም ቀይ አይወጣውም።

ለዘይቱ ጤዛው ከደረቀ በኋላ አበባውንና እምቡጡን ብቻ ልቀሚ። ጨርቅ ላይ በትነሽ ለጥቂት ሰዓት ጠውለግ ይበል፤ ውሃው ካልቀነሰ ይሻግታል፣ ጨርሶ ከደረቀ ደግሞ ዘይቱ አይቀላም። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ሳትጠቀጥቂ ሙዪና አበባው እስኪሰጥም የወይራ ዘይት ጨምሪ። ሻጋታ የሚጀምረው ከዘይቱ በላይ ብቅ ካለው አበባ ነው። እርጥበቱ እንዲወጣ ለመጀመሪያው ሳምንት አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍኚው፤ ከዚያ ክደኚው። ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አቆይተሽ በየቀኑ ነቅነቅ አድርጊው። ካጠለልሽ በኋላ አንድ ቀን ይርጋ፤ ከሥር የሚቀረውን ውሃ ትተሽ ዘይቱን ብቻ ወደ ጥቁር ጠርሙስ ገልብጪ።

የአገሩ ሰው ለደከመ ጡንቻ፣ ለምትና ለደረቀ ቆዳ ይቀባዋል። ተቀብተሽ ፀሐይ ላይ አትውጪ። ብዙ የጋጡት ነጫጭ በጎች እንኳ ፀሐይ ሲነካቸው ቆዳቸው ይቆስላል።

ሻዩን ለከፋው ስሜት ይጠጡታል፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ደረቅ ዕፅ በአንድ ኩባያ የፈላ ውሃ ለ10 ደቂቃ። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ ፈጭቶ እንዲያስወጣ ያደርጋል፤ የወሊድ መከላከያ እንክብል፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ኩላሊት ለተተከለለት የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን ጉልበታቸውን ያጣሉ። ከድብርት መድኃኒት ጋር ደግሞ ሴሮቶኒን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ከልክ በላይ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። መጠጣቱን ካቆሙ በኋላም ኃይሉ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። አንድም እንክብል የምትውጪ ከሆነ ሻዩን ተዪው፤ ዘይቱ ይበቃሻል።

ጠርሙሱ ሲቀላ ጻፊልኝ።

ናፋቂ ወዳጅሽ