«የደንቆሮዎች ውይይት» የሚለው ርዕስ ይስተካከል

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ፓርቲዎቹ ድርድር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። «የደንቆሮዎች ውይይት» የሚለው ርዕሱ ግን አስከፍቶኛል።

ታላቅ ወንድሜ መስማት የተሳነው ነው። ሬዲዮ ለእሱ የለም። ቴሌቪዥኑም ጥግ ላይ አስተርጓሚ ካላስቀመጡለት ያው የአፍ እንቅስቃሴ ማየት ነው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው እሱ ነው። ርዕሳችሁን አየው፤ ምንም ሳይል ገልጦ ወደ ስፖርቱ አለፈ። ለምዶታል። እኔን የከነከነኝም መልመዱ ነው።

ደግሞስ መስማት የተሳናቸው አይደማመጡም የሚያሰኘው አባባሉ እውነት መቼ ሆነና! በምልክት ቋንቋ ለመግባባት የግድ መተያየት ያስፈልጋል። ፊቱን ያዞረ ሰው ጨዋታው ያመልጠዋል። ወንድሜና ጓደኞቹ ቡና ላይ ሲሰበሰቡ ተራ የሚፈልገው ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጋል፤ ወይ እጁን ያውለበልባል። ሁሉም ወደ እሱ ሲዞሩ ይጀምራል። ባንድ ላይ እየጮኹ አለመደማመጥ የእኛ የሰሚዎቹ ሙያ ነው።

ይህን ሳነሳ «ኧረ አታካብድ፣ ይሄ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚሉኝ አሉ። ፈረንጅ እዚህ ውስጥ ምን አገባው? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ ያስነገሩት በዚሁ ጉዳይ ነው። ብረት ሠሪው «ጠይብ»፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ነጋዴው «መጫኛ ነካሽ» እየተባለ መሰደቡ ይቅር፤ እንዲህ ያለ ሰው የሚሰድበው እኔን ነው፤ ሲሳደብ የተገኘም አንድ ዓመት ይታሰራል አሉ። እኔ እንኳ ማንም ይታሰር አላልኩም። ርዕስ ይቀየር ነው ያልኩት።

በሌላ በኩል ማሽሞንሞንም አልወድም። ወንድሜን «ልዩ ፍላጎት ያለው» ሲሉት ይስቃል። እኔ የማውቀው ልዩ ፍላጎቱ ቡና ዋንጫ ሲያነሳ ማየት ነው። ምን ተብለው መጠራት እንደሚፈልጉ ለማወቅም ብዙ ምርምር አያሻም። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ስሙን ራሱ መርጧል። የኢትዮጵያ ዓይነ ሥውራን ብሔራዊ ማኅበርም እንዲሁ። እነሱ ለራሳቸው ያወጡትን መያዝ ነው።

በዚያው እትም «ሽባ ቢሮክራሲ» የሚልም አይቻለሁ፤ እሱን ለሌላ ቀን ላቆየው። ለአሁኑ ግን ያ ርዕስ ድረ ገጻችሁ ላይ እንዳለ ተቀምጧል። «ያልተደማመጡት ፓርቲዎች» ቢባል ከጽሑፉ ጋር ይሄዳል። ስታርሙትም ከሥሩ መታረሙን አንድ መስመር ብታክሉበት ጥሩ ነው፤ ወንድሜ እንደዚያ ዓይነቷን ትንሽ ማስታወሻ ሳይቀር ያነባል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ