ማሲንቆ ይዛችሁ ኑ፤ ወንበርም ጭምር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ ማሲንቆ በስደት አገር የሠርግ ማድመቂያ ብቻ ሆኖ ቀረ ብለው የጻፉትን አንብቤ ሁለት ቀን ሳብሰለስለው ሰነበትኩ። መቅረቱስ እውነት ነው። ያቀረቡት መፍትሔ ግን አልተዋጠልኝም። ባለሙያ ከአገር ቤት ይምጣልን፣ ትልቅ ኮንሰርት ይዘጋጅ ይላሉ። ኮንሰርት ሞልቶናል። የሌለን ኮንሰርት ያልሆነው ነገር ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወጣ ብዬ ማውራት አለብኝና ታገሡኝ።

ሥራዬ በየቤቱ እየሄድኩ አረጋውያንን መርዳት ነው። ላለፉት አራት ዓመታት የምረዳቸው አንድ የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ አሉ፤ እዚሁ ቨርጂኒያ ተወልደው ያደጉ፣ ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ። እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ። ቃሉን ማዕረግ መስሏቸው ይሁን ወደውት እንጃ፣ ባለፈው ለሐኪማቸው ሳይቀር «አባባ ነው የምባለው» ብለው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ሥራውን የጀመርኩ ሰሞን ልጃቸው ከመድኃኒቱ ዝርዝር ጋር አንድ ወረቀት ሰጠችኝ፤ በወር ሁለቴ ቅዳሜ ከሰዓት እንዳይቀሩ የሚል። የሚሄዱት በአንዲት ትንሽ ከተማ ያለ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ጣቢያ አዳራሽ ነው። ሐኪም ቤት መስሎኝ ነበር።

ለካ የፊድል ማኅበር ነው። ፊድል ማለት ያው የምናውቀው ቫዮሊን ነው፤ አባባ «ቫዮሊን በሐር ይጠቀለላል፣ ፊድል በጆንያ» ብለው ይቀልዳሉ። የሚጫወቱት ኦልድ ታይም የሚባለውን፣ በምሥራቅ አሜሪካ ያሉትን የአፓላችያን ተራሮች የድሮ ዜማ ነው። መድረክ የለም፤ ማይክሮፎን የለም። የታጣፊ ወንበሮች ክብ አለ። ፊድል የያዙት ወደ ውስጥ፣ ባንጆ (እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረበት ባለ ክር ዕቃ) እና ጊታር ቀጥሎ፣ ትልቁን ቤዝ የያዘች አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ከኋላ ቆማ። ጀማሪ ከሆንክ ውጭኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለህ፤ ማንም ሳይሰማህ እየተሳሳትክ ትማራለህ። ተመልካች ተብዬዋ እኔና የእሳት አደጋ ጣቢያው ውሻ ነበርን።

መጀመሪያ ቀን እውነቱን ልናገር፣ ሰለቸኝ። አንዱን ዜማ ይዘው አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ ይመላለሱበታል። ዜማው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱን ሁለቴ፣ ሌላውን ሁለቴ፣ ከዚያ እንደገና ከሀ። ብቻውን ተነጥሎ ችሎታውን የሚያሳይ የለም፤ እሱ ብሉግራስ የሚባለው ሙዚቃ ነው፣ ቢል ሞንሮ የሚባል ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ወዲህ ያስፋፋው የዚህ ዜማ የልጅ ልጅ ነው ይላሉ አባባ ትንሽ ከንፈራቸውን ጣል አድርገው። እዚህ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚጫወት። ማቆሙን እንዴት ያውቁታል ብዬ ስጠብቅ፣ ዜማውን የጀመረው ሰው አንድ እግሩን ከፍ አደረገ። አለቀ። ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ዝም አለ። እግር በማንሳት!

በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቅዳሜ ነው ጆሮዬ የተከፈተው። አባባ ለአንድ ዜማ ሲዘጋጁ ሁለቱን ወፍራም ክሮች አንዳንድ ደረጃ ከፍ አድርገው ቃኟቸው። ከዚያ ሲመቱት ዜማው በአንዱ ክር ሲሄድ ጎረቤቱ ክር ሳያቋርጥ ያጉረመርማል። ፊድሉን አገጫቸው ሥር ሳይሆን ደረታቸው ላይ ነው የሚያሳርፉት። ዓይኔን ጨፈንኩ። የፈረስ ጭራ፣ ሙጫ፣ ያ የሚያቃስት ድምፅ። የአያቴ ቤት ነበርኩ።

አያቴ ጎንደር አጠገብ ቡርቧክስ ከሚባለው የአዝማሪዎች መንደር ናቸው። ይህን ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ ሳሰፍር በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ገብቶ የመንግሥት ሥራ ከያዘ ወዲህ ስለ አባቱ የሚጠይቀው ሰው ሲመጣ «ገበሬ ነበሩ» ይል ነበር። ውሸትም አይደለም፣ ያርሱ ነበር። ማሲንቆው ግን በጆንያ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን አናት ላይ ተቀመጠ። አንዷ አክስቴ ታጭታ ሳለ አጥንት ሲቆጠር ወሬው ወጣ፤ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው አልመጡም። እኔ ደግሞ ሴት ነኝ፤ በአዝማሪ ቤት ሴቷ ትዘፍናለች፣ ማሲንቆውን የሚይዘው ወንዱ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ የተከለከልኩ ነበርኩ ማለት ነው።

አባባን ስለዚህ ነገር ያጫወትኳቸው ከከተማ ወጥተን ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው። ዝም ብለው ሰሙኝና የባንጆን ታሪክ ነገሩኝ። ባንጆ የነጭ ገበሬ ዕቃ ይመስለኝ ነበር። ሥሩ አፍሪካ ነው፤ በባርነት የመጡት ሰዎች ከቅል የሠሩት ዕቃ ነው። የፊድልና የባንጆ ጋብቻ የተፈጸመው በነጭና በጥቁር መካከል ነው። በኋላ ግን ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት እየቀቡ ባንጆ ይዘው ጥቁሩን ማላገጫ ሲያደርጉት፣ ብዙ ጥቁሮች ዕቃውን መያዝ አሳፈራቸው፤ ተዉት። ሰሜን ካሮላይና፣ ሜቤን የሚባል ከተማ ጆ ቶምሰን የሚባሉ እ.ኤ.አ. በ1918 የተወለዱ ጥቁር ፊድለኛ ነበሩ፤ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኛ። እሳቸው አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ2005 ቡን በሚባል ከተማ የጥቁር ባንጆ ተጫዋቾች ስብሰባ ተደረገና ከዚያ የተገናኙ ወጣቶች የአዛውንቱን ቤት ደጃፍ ያዙ። በየሳምንቱ እየሄዱ አብረዋቸው ተቀመጡ። ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ የሚባለው ቡድን የወጣው ከዚያ ነው፤ በ2011 ግራሚ ተሸለመ። ጆ ቶምሰን በ2012 አረፉ።

የተማሩት ሳሎን ውስጥ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። የአባባም እንደዚያው ነው። ወጣት ሳሉ ሰሜን ካሮላይና ቶስት የምትባል መንደር ድረስ እየነዱ ቶሚ ጃሬል ዘንድ ይሄዱ ነበር። ቶሚ ጃሬል የመንገድ ሥራ ግሬደር ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ከየአገሩ የሚመጣውን ወጣት ቤታቸው አስገብተው፣ አብልተው፣ አስተምረው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ኖሩ። አባባ እስካሁን ስለዜማው ሲያወሩ ስለበሉት ነገር ሳያነሱ አያልፉም።

ወንድሜ ከአገር ቤት ሲመጣ ያንን ማሲንቆ አስመጣሁት። ጭራው ተበጣጥሶ፣ ቆዳው ግን ደህና ነበር። የቨርጂኒያ በጋ ግን የፍየል ቆዳ አይወድም፤ ወበቁ ያላላዋል፣ ድምፁ እርጥብ ካርቶን ይሆናል። አንድ ባንጆ ተጫዋች፣ አናጺ ነው፣ ምንም ሳይገርመው «አምፖል አጠገብ ያዢው» አለኝ። የእነሱም ባንጆ ድሮ የጥጃ ቆዳ ስለነበር ሁሉም ያውቁታል። አያቴ ከመጫወታቸው በፊት ማሲንቆውን ምድጃ ዳር የሚያሞቁት ለምን እንደነበረ ያን ቀን ገባኝ። (ዘዴ በመቀያየሩ ደስ ብሎኝ ሳለሁ አባባ ፊድላቸውን ነቅነቅ አደረጉት፤ ከውስጡ ሲንኳኳ ሰማሁ። የመርዛም እባብ ጅራት ነው፤ የድሮ ፊድለኞች ልማድ ነው። ውጭ ድረስ ነው የሮጥኩት።)

ከዚያ ወዲህ እኔም ውጭኛው ረድፍ ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ክር ስላለኝ እነሱ የሚጫወቱበት ድምፅ ላይ እቃኘዋለሁ፤ እነሱም ለአንድ ሰዓት ያህል ቅኝት አይቀይሩም፣ ባንጆውን እንደገና መቃኘት አሰልቺ ስለሆነ። አንዳንዱ ዜማቸው ከአምስት ድምፅ አይዘልም፤ ትዝታ ለሚያውቅ ጣት ሩቅ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ዝፈኚልን አሉኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን እንዲህ አልኩ፤

እሳት አጥፊ ቤት ነው ብለውኝ ስመጣ፣
አንጀቴ ተቃጥሎ ጭሱ ባፌ ወጣ።

ልተረጉምላቸው ሞክሬ አቃተኝ። የእሳት አደጋው አለቃ ግን «አንጀት ተቃጠለ» የሚለውን ሰምቶ ያመጣሁት ዳጣ መስሎት ውኃ አመጣልኝ። ድፎ ዳቦዬን ግን አንድም ቅዳሜ ተርፎኝ አያውቅም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለችው ወደ ጋላክስ ከተማም ወስጃቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ በየነሐሴው የሚደረግ ትልቅ የፊድለኞች ጉባኤ ነው፤ ፌልትስ ፓርክ ሙሉውን ሳምንት በድንኳንና በመኪና ቤት ይሞላል። መድረክ ላይ ውድድር አለ፣ ሽልማት አለ። አባባ አንዴም ወደዚያ ዞር አላሉም። ከድንኳን ድንኳን እየዞሩ፣ እኔ ወንበራቸውን ተሸክሜ፣ ዝናቡ እየዘነበብን፣ የማያውቋቸው ሰዎች ክብ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። ጣታቸው በቁርጥማት ደርቋል። ያም ሆኖ ማንም «ማን ነዎት» ሳይል ጠጋ ይልላቸዋል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የእኛ ማሲንቆ የሚሰማው ወይ መድረክ ላይ ነው ወይ ግንባር ላይ ብር በሚለጠፍበት ቤት ነው። በዚያ የሚኖሩትን አልነቅፍም፤ እንጀራቸው ነው፣ አያቴም የኖሩበት ነው። ነገር ግን አንዱ ሠሪ ሌላው ከፋይ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ከፋዩ ዕቃውን በእጁ ይዞ ለመሞከር መቼም አይነሳም። አዝማሪ ማለት ስድብ ሆኖ የቆየውም በዚሁ ይመስለኛል። ፈረንጁ ቻርልስ ሳተን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሰላም ጓድነት መጥቶ ከጌታመሳይ አበበ ማሲንቆ ሲማርና ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ከሚባለው የባህል ሙዚቃ ቡድን ጋር ሲጫወት አላፈረም። ዘሩ ማን እንደሆነ የጠየቀው አልነበረማ።

ስለዚህ አካባቢያችን ላለ አንድ የማኅበረሰብ ድርጅት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለሦስት ሰዓት፣ አዳራሹን ስጡን አልኩ። ከሦስት ወር በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። «እህቴ፣ አዳራሹን አዝማሪ ቤት ልናደርገው ነው?» አለና ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሳቁም የክፋት አልነበረም። በዚያው አዳራሽ ግን ለዘፋኝ ኮንሰርት ሃምሳ ዶላር ከፍዬ ገብቼ አውቃለሁ።

አልቀየምኩም፤ ቤቴ ምድር ቤት አለ። ከመጪው ወር ጀምሮ የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት፣ በፈረንጁ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍት ነው። ሐበሻ ሰዓት አይሁንብኝ፤ አባባ በሰዓቱ ነው የሚመጡት፣ ፊድላቸውንም ይዘው። ማሲንቆ ያለው ማሲንቆ፣ ክራር ያለው ክራር፣ ዋሽንት ያለው ዋሽንት ይዞ ይምጣ፤ ግድግዳ ላይ ለጌጥ የሰቀላችሁትንም አውርዳችሁ አምጡት፣ ጭራ እኔ ጋ አለ። የማይችል ከሁሉ በፊት ይምጣ። አንድ ዜማ ይዘን እስኪሰለቸን እንመላለስበታለን። ቪዲዮ አይቀረጽም፣ ብር አይለጠፍም፤ ልለጥፍ የሚል ካለ ቡናውን ያፍላ። ሴቶች፣ በተለይ እናንተ፣ አንድ እንኳ ሌላ ሴት ማሲንቆ ይዛ አጠገቤ ብትቀመጥ ደስታውን አልችለውም።

አድራሻዬን ከዝግጅት ክፍሉ ማግኘት ይቻላል፤ ፈቅጃለሁ። ምግብ አለ። ወንበር ግን ስድስት ብቻ ነው ያለኝ፣ አንዱ የአባባ ነው። ስለዚህ የየራሳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እጅ ማሳረፊያ የሌለውን ምረጡ፣ ደጋኑን ያደናቅፋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአዝማሪ የልጅ ልጅ
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል)
ማናሳስ፣ ቨርጂኒያ